ጀርመን ውስጥ በቴኳንዶ እንጀራ ይበላል ወይ?

ጥያቄው ከኑርንበርግ የመጣ ነው። አንዲት እናት እንዲህ ብላለች፦ «ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ከ6 ዓመቷ ጀምሮ ቴኳንዶ ትሠራለች። ሰሞኑን አሰልጣኟ ጠርቶኝ ለባቫሪያ ክልል ቡድን ላቅርባት አለኝ። እኔም አባቷም ግራ ገብቶናል። ትምህርቷ እንዳይበላሽ እፈራለሁ። አንድ የጀርመን ቴኳንዶ ስፖርተኛ ኑሮው እንዴት ነው የሚሄደው? እንጀራ ይሆናታል ወይስ ዝም ብሎ ልፋት ነው? ደግሞ ፓስፖርታችን ገና የኢትዮጵያ ነው።»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። በቴኳንዶ ብቻ እንጀራ አይበላም። ጀርመን ውስጥም ቢሆን። ይሄን ስልሽ ግን ልጅቷን ከክለብ አውጫት ማለቴ አይደለም። እኔ እዚሁ ጀርመን ልጆች አሰለጥናለሁ፤ ሲያድጉ ደህና ቦታ የደረሱት፣ ሜዳሊያ ያመጡትም ያላመጡትም፣ ሌላ መንገድ ጎን ለጎን የያዙት ናቸው። ያንን መንገድ ደግሞ አሁን፣ በ13 ዓመቷ፣ የምትይዙላት እናንተ ናችሁ።

እስቲ የትልልቆቹን እንይ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው። ቴኳንዶ በሴኡል 1988 እና በባርሴሎና 1992 ለትዕይንት ያህል ቀርቦ ነበር፤ በሜዳሊያ ቆጠራ የገባው ግን በሲድኒ 2000 ነው። ከሲድኒ እስከ ፓሪስ 2024 ሰባት ኦሊምፒክ አለፈ። ጀርመን በሰባቱ ያገኘችው ሁለት ሜዳሊያ ብቻ ነው። ከ80 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት፣ ብር የማይቸግራት፣ የዓለም ሻምፒዮናን ሁለት ጊዜ (ሽቱትጋርት 1979፣ ጋርሚሽ ፓርተንኪርሸን 2003) ያስተናገደች አገር ናት እንግዲህ።

የመጀመሪያው ፋይሳል ኤብኑታሊብ ነው። ሞሮኮ ነው የተወለደው። ሲድኒ ላይ በ80 ኪሎ ለፍጻሜ ደርሶ በኩባው አንኸል ማቶስ ተሸነፈና የብር ሜዳሊያ ወሰደ። ማቶስን ታስታውሺው ይሆናል፤ ቤጂንግ 2008 ላይ ተናዶ ዳኛውን ፊቱን በእግሩ የመታውና ዕድሜ ልኩን የታገደው ሰውዬ ነው። ለአንቺ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው። ኤብኑታሊብ ያቺን ሜዳሊያ ሲያገኝ 30 ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ስንት ዓመት ለፍቶ እዚያ እንደደረሰ አስቢው።

ሁለተኛዋ ሄለና ፍሮም ናት። አርንስበርግ አጠገብ ካለች ኦቨንትሮፕ ከምትባል ትንሽ ቦታ የወጣች ልጅ ናት። ቤጂንግ 2008 ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። ከዚያ አራት ዓመት ጠብቃ ለንደን 2012 ላይ በ67 ኪሎ ነሐስ አገኘች፤ በወቅቱ 25 ዓመቷ ነበር። ወርቁን የወሰደችው ኮሪያዊቷ ህዋንግ ክዮንግ ሰን ናት፤ ብሩን የቱርኳ ኑር ታታር። ሌላ ነሐስ ደግሞ ለአሜሪካዊቷ ፔጅ ማክፈርሰን ደረሰ፣ ምክንያቱም ከቤጂንግ ጀምሮ በየክብደቱ ሁለት ነሐስ ነው የሚሰጠው። በሲድኒና በአቴንስ አንድ ብቻ ነበር።

እነዚህ ሁለቱ ዕድለኞቹ ናቸው። ሜዳሊያ ያላገኙትን ስታይ ነው ነገሩ የሚገባሽ። በተለይ አንቺ ኑርንበርግ ስላለሽ የጉሌች ቤተሰብን ስም ሳትሰሚ አትቀሪም። ሦስት ወንድምና እህት ናቸው፣ ቤተሰቡ ከቱርክ የመጣ። ሱመየ ቤጂንግ ላይ በ49 ኪሎ ተወዳደረች፤ አግብታ ማንዝ በሚል ስም ለንደንም ሄደች። ራቢያ ሪዮ 2016 ላይ በ67 ኪሎ ተሰለፈች። ወንድማቸው ታሂር ደግሞ በ2013 ፑዌብላ፣ ሜክሲኮ ላይ በ80 ኪሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። አንድ ቤት ውስጥ! ታዲያ የዓለም ሻምፒዮኑ ታሂር ሪዮ አልሄደም። ከጀርመን የሄዱት እህቱና የዱይስቡርጉ ልጅ ሌቨንት ቱንጃት ብቻ ነበሩ። ቱንጃት ደግሞ በአውሮፓ ሻምፒዮናነቱ የሚታወቅ ትንሽዬ ፈጣን ልጅ ነው፤ ቤጂንግ 2008 ሄደ፣ ለንደን ቀረ፣ ሪዮ 2016 ተመለሰ። በሁለቱ ኦሊምፒክ መካከል 8 ዓመት ነው የፈጀው፤ ከሁለቱም ሜዳሊያ አላገኘም።

ይሄ ለምን ይሆናል? ስንፍና አይደለም። ብዙ ወላጅ የማያውቀው የክብደት ጣጣ አለ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በዓለም ሻምፒዮና ወንዱም ሴቱም ስምንት ስምንት ክብደት አላቸው። ኦሊምፒክ ላይ ግን አራት አራት ብቻ ነው። ለሴቶች 49፣ 57፣ 67 እና ከ67 በላይ። ስለዚህ በዓለም ሻምፒዮና 53 ወይም 62 ወይም 73 ኪሎ የምትጫወት ልጅ ኦሊምፒክ ሲመጣ ወይ መክሳት ወይ መወፈር አለባት፣ አለዚያ ከእሷ በጣም ከሚከብዱ ጋር ትገጥማለች። አሌክሳንደር ባክማንን ውሰጂ። የሽቱትጋርት ልጅ ነው። በ2017 ሙጁ፣ ኮሪያ ላይ በ87 ኪሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ኦሊምፒክ ላይ 87 የሚባል ክብደት የለም። ቶኪዮ ላይ ከ80 በላይ በሚለው ገባ፤ እዚያ ደግሞ ጣሪያ የለውም፣ 100 ኪሎ ያለፈ ሰውም ይጠብቅሻል። ከጀርመን የሄደው እሱ ብቻ ነበር፣ ያለ ሜዳሊያ ተመለሰ። ፓሪስ ላይም የሄደችው አንድ ሰው ናት፣ ሎሬና ብራንድል፣ ከ67 በላይ። እሷም ሜዳሊያ አላገኘችም።

በየክብደቱ የሚገቡት ደግሞ ከመላው ዓለም 16 ናቸው፤ ከአንድ አገር በአንድ ክብደት ከአንድ ሰው በላይ አይገባም። ልጅሽ በዓለም አሥረኛ ብትሆንና ሌላ ጀርመናዊት አራተኛ ብትሆን፣ ልጅሽ ቤቷ ሆና በቴሌቪዥን ታያለች። ጎበዝ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ በትክክለኛው ክብደት፣ በትክክለኛው ዓመት፣ ከራስሽ አገር ሰው በልጦ መገኘት ነው።

ወደ ኦሊምፒክ የሚያደርሰው አንዱ መንገድ የነጥብ ደረጃ ነው፤ ከፊት ያሉት ጥቂቶች በቀጥታ ያልፋሉ። ሌላው የአህጉር ማጣሪያ ነው፤ በአውሮፓ ከየክብደቱ ሁለት ሰው ያልፋል። የአውሮፓ ማጣሪያ ደግሞ እሳት ነው። ስፔን አለ፣ ቱርክ አለ፣ ክሮኤሺያ አለ፣ ሰርቢያ አለ፣ እንግሊዝ አለ። ነጥብ ለመልቀም ዓመቱን ሙሉ መዞር ነው። ደች ኦፕን፣ ቤልጂየም ኦፕን፣ ጀርመን ኦፕን፣ ከዚያ ወጣ ሲሉ ግራንድ ፕሪ። ለብሔራዊ ቡድን እስክትመረጥ ድረስ የዚህን ሁሉ ትራንስፖርትና ሆቴል ወጪ ብዙውን የሚችለው ክለቡና ወላጅ ነው። የብዙ ቤተሰብ ትዕግሥት የሚያልቀውም እዚህ ላይ ነው፤ በልጁ ድካም ሳይሆን በነዳጅና በሆቴል ሒሳብ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ለፓሪስ የጀርመን ስፖርት እርዳታ ድርጅት፣ ሽፖርትሂልፈ የሚባለው፣ ያስቀመጠው ሽልማት ለወርቅ 20,000 ዩሮ፣ ለብር 15,000፣ ለነሐስ 10,000 ነበር። ደህና ብር ነው። ግን ምናልባት በዕድሜ አንዴ የሚገኝ ብር ነው፤ ለ15 ዓመት ልፋት ስታካፍዪው የቡና አይሆንም። ይኸው ድርጅት ለላይኛው ቡድን ስፖርተኞች ወርሃዊ ድጎማም ይሰጣል፤ ለኪስ ይሆናል እንጂ ቤተሰብ አያስተዳድርም። ቴኳንዶ እንደ እግር ኳስ የደመወዝ ሊግ የለውም።

ታዲያ ምን ይበላሉ? መልሱ ወታደር ቤት ነው። አትሳቂ፣ የምሬን ነው። የጀርመን መከላከያ፣ ቡንደስቬር፣ ለስፖርተኞች የያዘው ቦታ ከ800 በላይ ነው። ልጁ ይቀጠራል፣ መሠረታዊ የውትድርና ሥልጠና ይወስዳል፣ ከዚያ ደመወዙን እየበላ አብዛኛውን ጊዜውን ልምምድ ላይ ያሳልፋል። የጡረታና የሕክምና ነገር ይያዝለታል። ጀርመን በኦሊምፒክ ከምታገኘው ሜዳሊያ ትልቅ ድርሻው የሚመጣው ከእነዚህ ነው። ችግሩ ውሉ በውጤት የሚታደስ መሆኑ ነው። ጉልበትሽ ተበጥሶ አንድ ዓመት ብትተኚ ቦታሽን ሌላ ሰው ሊይዘው ይችላል። በቴኳንዶ ደግሞ ጉልበት መበጠስ ብርቅ አይደለም።

ሁለተኛው ችግር የእናንተ ነው። ወታደር ለመሆን የጀርመን ዜግነት ግድ ነው። ለጀርመን ብሔራዊ ቡድን በዓለምና በአውሮፓ ሻምፒዮና ለመሰለፍም ግድ ነው። ስለዚህ ፓስፖርታችን የኢትዮጵያ ነው ያልሽው ነገር በጥያቄሽ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሽው ይመስላል እንጂ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ከሰኔ 2024 ጀምሮ የጀርመን ሕግ ተቀይሯል፤ ለዜግነት የሚጠየቀው ኑሮ 8 ዓመት የነበረው 5 ሆኗል፣ ጀርመን በበኩሏ የድሮውን ዜግነት ተው አትልም። ልጅ ከወላጅ ጋር አብሮ ማመልከት ይችላል። በኢትዮጵያ በኩል ግን ጥምር ዜግነት አይፈቀድም። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 (ይሄኛው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት የሌላ አገር ዜግነት ወድዶ የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን እንደተወ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በቢጫ ካርድ ማለቴ ነው፣ ትገባላችሁ ትወጣላችሁ። ይሄ ለስፖርት ብቻ ተብሎ የሚወሰን ነገር አይደለም፤ ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ መምከር አለበት። ግን ከወሰናችሁ አትዘግዩ። በአንዳንድ ከተማ ቢሮው ወረቀቱን ለማየት ብቻ ከዓመት በላይ ይፈጃል፣ እኔ የማውቀው አንድ ልጅ 17 ዓመት ሞልቶት፣ በችሎታ ማንም ሳይበልጠው፣ ወረቀት ጠብቆ ጠብቆ ዋናው ውድድር አለፈው።

ለኢትዮጵያ ብትሰለፍስ የሚል ሐሳብ መጥቶብሽ ከሆነ መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ቶኪዮ ላይ ሰለሞን ቱፋ በ58 ኪሎ ኢትዮጵያን ወክሎ ተሰልፏል። የአፍሪካ ማጣሪያ ከአውሮፓው ይለያል፤ ቀላል ነው ግን አልልሽም፣ ግብፅ፣ ሞሮኮና ኮትዲቯር አሉ፤ የሪዮ የ80 ኪሎ ወርቅ የኮትዲቯሩ ሼክ ሲሴ ነው። አንዴ ለአንድ አገር ከተሰለፈች በኋላ ወደ ሌላ መዞር ግን ጣጣ አለው፤ በኦሊምፒክ ሕግ በመርህ ደረጃ ሦስት ዓመት መጠበቅ ነው፣ የቀድሞ አገሯ ካልፈቀደች በቀር። ኪሚያ አሊዛዴን ያየ ይገባዋል። ለኢራን ሪዮ ላይ ነሐስ አገኘች፣ በ2020 አገሯን ለቃ ወጣች፣ ጀርመን ገብታ ኖረች፣ ቶኪዮ ላይ በስደተኞች ቡድን ተሰልፋ የሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ሻምፒዮኗን እንግሊዛዊቷን ጄድ ጆንስን ገና በጆንስ የመጀመሪያ ግጥሚያ አሰናበተቻት፣ ፓሪስ ላይ ደግሞ ለቡልጋሪያ ነሐስ አመጣች። የሚገርም ሰው ናት። ያንን ሁሉ ወረቀት ግን ለማንም ልጅ አልመኝም።

ስለ ትምህርቷ። እዚህ ላይ ከብዙ ቦታ ይልቅ ኑርንበርግ መሆንሽ ጠቅሞሻል። ከተማው የቴኳንዶ ማዕከል አለው፣ ብሔራዊ ቡድኑ የሚሠራበት። የበርቶልት ብሬሽት ትምህርት ቤትም እዚያው ነው፤ ኤሊተሹለ ደስ ሽፖርትስ ከሚባሉት፣ ማለትም ትምህርትና ልምምድን እንዲያጣጥሙ ከተመረጡት አንዱ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ልጅቷ ለውድድር ስትሄድ ያለፋት ፈተና ሌላ ቀን ይያዝላታል። መደበኛ ጂምናዝየም (የጀርመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት) ላይ ግን ከመምህሩ ጋር እያንዳንዱን ዓርብ መደራደር ነው። ውጤቷ ጥሩ ከሆነ እና መንገዱ የማይርቅ ከሆነ ሄዳችሁ እዩት።

የክልል ቡድን ማለት ደግሞ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። ላንደስካደር ይሉታል። የመጀመሪያው እርከን ነው፤ ከሱ በላይ የታዳጊ ቡድን ሁለት፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ተስፈኞች፣ ከዚያ የኦሊምፒክ ቡድን እያለ ይሄዳል። አብዛኛው ልጅ ከመጀመሪያው እርከን አያልፍም፣ ያም ምንም አይደለም። የምታጣው የተወሰኑ ቅዳሜና እሁዶችን ነው። እንደ ዕድሜዋ ካዴት ናት፤ ካዴት ከ12 እስከ 14፣ ጁኒየር ከ15 እስከ 17 ነው። ለሎስ አንጀለስ 2028 አትደርስም፣ የዕድሜ ገደብ አለ። ሁሉ ነገር ቢሰምር ብሪስቤን 2032 ነው። ስለዚህ ማንም «አሁኑኑ» ብሎ ቢያጣድፍሽ አትስሚው፤ ጊዜ አላት።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንሻለሁ፤ ክብደት። የውድድር ዋዜማ ሚዛን የሚደረግበት አዳራሽ ሄደሽ ኮሪደሩን እይው። የ13 እና የ14 ዓመት ልጆች የላስቲክ ጃኬት ደርበው ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ፣ አንዷ ጥግ ቁጭ ብላ በባዶ ኩባያ ስትተፋ ታያለሽ፣ 300 ግራም ለመቀነስ። ከንፈራቸው ደርቆ ነጭ ሆኖ። አጠገባቸው አባት ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ከዚያ ሚዛን ላይ ወጥተው ቁጥሩ ሲያልፍ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሙዝና ውሃ አንድ ላይ ይጎርሳሉ። የዓለም ፌዴሬሽኑ ይሄን ለመግታት በውድድሩ ጠዋት በዕጣ የወጡትን እንደገና ይመዝናል፤ ከክብደቱ 5 በመቶ በላይ ጨምሮ የተገኘ ይባረራል። ጥሩ ሕግ ነው፣ ግን ኮሪደሩን አላጸዳውም። ልጅሽ እያደገች ያለች ሴት ልጅ ናት። አሰልጣኟ «ሁለት ኪሎ ቀንሺና ከታች ክብደት ግቢ» ካላት አይሆንም በይ። ሰውዬው ሊያኮርፍ ይችላል፣ ያኩርፍ። ከላይ ክብደት ገብታ ትሸነፍ፣ ምንም አትሆንም።

ጾሙንም ንገሪው። የምትጾም ከሆነች በተለይ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ የክለቦች የውድድር ወራት ላይ ይወድቃል። ሽሮና ምስር ጥሩ ምግብ ነው፣ ከልምምድ በኋላ በጊዜው ከበላች። እስከ ከሰዓት ሳትበላ ቆይታ ሁለት ሰዓት የእግር ልምምድ መሥራት ግን በዚህ ዕድሜ አይመከርም፤ የንስሐ አባታችሁን ብትጠይቂ መላ አያጡልሽም።

ሌላው፣ ስፖርቱ ራሱ ይቀያየራል። በኤብኑታሊብ ጊዜ ነጥቡን የሚሰጡት ዳኞች በዓይናቸው አይተው ነበር። ዙሩ ሦስት ደቂቃ ነበር፣ ድምፁ የሚሰማ ጠንካራ ምት ነበር የሚያሸልመው። ለንደን ላይ ኤሌክትሮኒክ ደረት መከላከያ ገባ፣ ሪዮ ላይ የራሱም ተጨመረ። አሁን ካልሲው ላይ ያለው ሴንሰር ነው ዳኛው። ስለዚህ የፊት እግራቸውን አንስተው እንደ አጥር የሚይዙ ረጃጅም ቀጫጭን ልጆች ተመቻቸው። ዛሬ የእግር ምት ደረት ላይ 2፣ ራስ ላይ 3 ነጥብ ነው፤ ዞረሽ ከመታሽ ተጨማሪ ነጥብ አለው፤ ሁለት ዙር ያሸነፈ ግጥሚያውን ይወስዳል። እውነቱን ለመናገር ለማየት የድሮው ይሻለኝ ነበር፤ የአሁኑ አንዳንዴ በአንድ እግር መቆም ይመስላል። ለልጅሽ ግን ይሄ ማለት ቁመቷ ወሳኝ ነው ማለት ነው። እናንተ ረጃጅም ናችሁ? ከሆነ አሰልጣኙ ያየው ነገር አለ።

እንግዲህ የሚቀጥለው ሳምንት አሰልጣኙን ስታገኚው እነዚህን ጠይቂው። የክልል ቡድኑ ልምምድ የት ነው፣ በወር ስንት ቅዳሜ ነው፣ የትራንስፖርቱን ማን ይከፍላል? ልጅቷን በየትኛው ክብደት ነው የሚያስባት፣ አሁን ባለችበት ወይስ ሊያወርዳት? ብትጎዳ የክለቡ ኢንሹራንስ ምን ይሸፍናል? በእሱ እጅ ካለፉ ልጆች ውስጥ ትምህርታቸውን የጨረሱ እነማን ናቸው? የመጨረሻውን ጥያቄ ሲመልስ ስም ጠርቶ ካወራሽ፣ እገሌ ነርስ ሆነች፣ እገሌ ፖሊስ ገባ እያለ፣ ደህና እጅ ላይ ናት፤ ፈርሚለት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ዋንጫ ብቻ ካሳየሽ ግን ኑርንበርግ ውስጥ ሌላም ክለብ አለ።

የዜግነቱን ማመልከቻ በተመለከተ ቀጠሮውን ዛሬውኑ ያዙ፣ ክልል ቡድን ገባችም አልገባችም።